ያልተለበሰው ሙሉ ልብስ

ሌላው ሰው ቂሙን በሆዱ ይይዛል። የማተሚያ ቤቱ ቀለም ቀማሚ ግን ቂሙን የያዘው በሻንጣ ነበር። ሻንጣው የመኝታ ቤቱ ቁም ሣጥን አናት ላይ ተቀምጧል። በውስጡ አንድ ቡናማ ሙሉ ልብስ አለ። የሰፋው አባቱ ነው፤ የሰፋውም ለልጁ ሠርግ ነው። ልጁ ግን አንድም ቀን አልለበሰውም። ሚስቱ ቤት ባጸዳች ቁጥር፣ “ይሄን ነገር ለምን ለተቸገረ ሰው አንሰጠውም?” ትለዋለች። እሱም፣ “የፈለገ ቢቸገር ይሄን የሚለብስ የለም፤ ተዪው ይቀመጥ” ይላታል። ለምን እንደሚያስቀምጠው ራሱም በቅጡ አያውቅም። ምናልባት አንድ ቀን አንዱ ተነስቶ፣ “አባትህ እኮ እንደምታወራው አልነበረም” ቢለው፣ ከፍቶ የሚያሳየው ማስረጃ ፈልጎ ይሆናል።

አባቱ ልብስ ሰፊ ነበር። ሱቁ አንድ በር ያላት ጠባብ ክፍል ነበረች። የስፌት መኪናው ብርሃን እንዲያገኝ በሩ ሥር ተቀምጧል፤ ከኋላ የመተኮሻ ጠረጴዛ አለ፤ ከጠረጴዛው ጀርባ መጋረጃ፣ ከመጋረጃው ወዲያ ቤታቸው። ሰውየው በእጁ ሥራ አይታማም። ኮት ሲሰፋ ትከሻው ላይ የሚያርፍበት መንገድ ሌላ ሰፈር ድረስ የሚወራለት ነበር። ጠባዩ ግን፣ እግዜር ይይለት፣ ከመኪናው መርፌ ይብሳል። በትንሹም በትልቁም ይዋጋል። ደንበኛ ለልክ ቆሞ ትንሽ ከተነቃነቀ፣ “ቁም እንጂ! ኮት ነው የምሰፋልህ ጅራፍ?” ይላል። የሰው ልብስ እንዲህ እያሳመረ ለራሱ ግን ደንታ የለውም፤ አንድ እግሩ ላይ ቀይ፣ አንዱ ላይ አረንጓዴ ካልሲ አድርጎ ይውላል። የጎረቤቱ ፀጉር አስተካካይ ይህን እያየ፣ “ዛሬ ደግሞ እግሮችህ ተጣልተዋል?” ብሎ ይስቅበታል። አባቱም እግሩን ከመኪናው ሥር ይሰበስባል።

ክሮቹ በግድግዳው ላይ በሚስማር ተሰክተው በረድፍ ይሰቀላሉ። ያንን ረድፍ መንካት ክልክል ነው። ልጁ አንድ ጊዜ ለጨዋታ ሁለት ጥቅል ክር አውርዶ ቦታ አለዋውጦ ሰቀላቸው፤ አባቱ ሲያውቅ በቀበቶ ነው የገረፈው። ለሁለት ጥቅል ክር! ልጁ ያን ቀን ያለቀሰው ከሕመሙ ይልቅ ነገሩ ስላልገባው ነበር። ክሮቹ እኮ አልጠፉም፤ እዚያው ግድግዳው ላይ ናቸው።

እናቱ በሕይወት ሳለች ቤቱ እንዲህ አልነበረም። እናቱ አባቱ አጠገብ በርጩማ ላይ ተቀምጣ የቁልፍ ቀዳዳ ትሠራለች፤ ስትሠራም አፏ አያርፍም። ደንበኛ ጨርቅ ይዞ ሲገባ ከሁሉም ቀድማ፣ “ውይ፣ እንዴት ያለ አረንጓዴ ነው! የሳር መስክ አይመስልም?” ትላለች። ሌላው ሲመጣ፣ “ይሄ ደግሞ ቀይ ነው ብዬ፤ ግን ወደ ቡናማ ያደላል አይደል?” ትላለች። ክሩንም አውርዳ የምታቀብለው እሷ ናት። ደንበኞች ለፍላፊ ነች ብለው ይወዷት ነበር። አባቱም እሷ ስታወራ አንድ ቀን ዝም በይ ብሏት አያውቅም፤ ለሌላ ሰው ግን ዝም በል ማለት ለሱ የሰላምታ ያህል ነበር።

ልጁ ገና ትንሽ ሳለ እናቱ ታማ ሞተች። ታናሽ እህቱን አክስታቸው ወስዳ አሳደገቻት። በሱቁ የቀሩት አባትና ልጅ ብቻ ሆኑ። ያኔ ነው ፈተናው የጀመረው።

ፈተና ነበር የሚለው፣ አድጎ ለሚስቱ ሲያወራ። ከትምህርት ቤት ገና ሲመለስ፣ ደብተሩን ሳያስቀምጥ፣ አባቱ አንድ እጁ ላይ ጨርቅ ሌላው ላይ ሁለት ጥቅል ክር ይዞ በሩ ላይ ይጠብቀዋል። “የቱ ነው?” ይላል። ልጁ ጨርቁን ያያል፣ ክሩን ያያል፣ ይጠቁማል። ትንሽ ካመነታ የጣት ኩርኩም አናቱ ላይ ያርፋል። “ፍጠን! ዓይንህን ገልጠህ እይ!” በትክክል ከመለሰ ደግሞ ጎሽ የለ፣ እሰይ የለ፤ አባቱ ክሩን ይዞ ፊቱን ወደ መኪናው ያዞራል። ልጁን ያንገበገበው ይሄ ነበር። ተሳስቶ ቢመታ ምንም አልነበረም። ግን የማታልፈው ፈተና ምን ፈተና ነው? ሁልጊዜ ይጠየቃል፣ ሁልጊዜ ይመልሳል፣ በማግስቱ እንደ አዲስ ይጠየቃል። አባቱ እንደማያምነው፣ እንደ ሞኝ እንደሚቆጥረው አሰበ። የሰፈር ልጆች ደግሞ ምን ሲያጡ! በበሩ አጮልቀው ሰምተው “የቱ ነው” የሚል ቅጽል ስም አወጡለት። መንገድ ላይ ሲያዩት ሁለት ድንጋይ አንስተው፣ ግንባራቸውን ቋጥረው፣ “የቱ ነው? ፍጠን!” ይሉታል።

እንዲህ እየበገነ አሥራ ስምንት ዓመት ሞላው። አንድ ከሰዓት በኋላ ሱቁ ውስጥ አንዲት የተከበሩ ሴትዮ ለልጃቸው ሠርግ የሚሆን ጨርቅ አምጥተው ቆመው ነበር። ልጁ ጓደኞቹ በር ላይ እየጠበቁት ነው፤ ፀጉሩን አበጥሯል፣ ሸሚዙን ተኩሷል፣ ሊወጣ ነው። አባቱ ጠራው። ጨርቁንና ሁለት ክሮች አነሳ። “የቱ ነው?” አለው። ከውጭ አንዱ ጓደኛው የአባቱን ድምፅ አስመስሎ፣ “ፍጠን!” ሲል ሌሎቹ በሳቅ ፈነዱ።

ልጁ ወደ አባቱ ዞረ። እስከዚያ ቀን ድረስ አባቱን አንቱ እያለ ነበር የሚጠራው።

“ዓይን የለህም እንዴ?” አለ። “ራስህ አትመለከትም? ስንት ዓመት ሙሉ የቱ ነው፣ የቱ ነው! ዓይን የለህም?”

ልጁ ጥፊ ይጠብቅ ነበር። አባቱ ግን እጁን አላነሳም፤ ልጁንም አላየውም። ያየው ሴትየዋን ነበር። ፊታቸውን እየመረመረ አፍጥጦ አያቸው። ልጁ ያኔ የመሰለው አባቱ በባለጌ ልጁ አፍሮ ነው። ሴትየዋ፣ “የዛሬ ልጆች!” ብለው ራሳቸውን ነቀነቁ። አባቱ ያኔ ነው ትንፋሹ የተመለሰው።

በዚያው ሳምንት ልጁ ሻንጣውን ሸክፎ ወደ ትልቁ ከተማ ሊሄድ ተነሳ። አባቱ ከመኪናው ቀና ሳይል፣ “ሂድ” አለው። “የሰው መሳቂያ ትሆናለህ።”

ይቺ ቃል ልጁ ሆድ ውስጥ ገብታ ቀረች።

ትልቁ ከተማ ውስጥ ማተሚያ ቤት ተቀጠረ። መጀመሪያ ወረቀት ተሸካሚ ነበር። አንድ ቀን የማሽኑ ኃላፊ አንድ የታተመ ካርድ እያየ፣ “ምኑ እንደሆነ አላውቅም፣ የሆነ ነገሩ ልክ አይደለም” ሲል፣ እሱ በትከሻው ላይ አሻግሮ፣ “ቀዩ ትንሽ ወደ ብርቱካን ሄዷል” አለ። ከዚያ በኋላ ቀለም ቀማሚ ሆነ። ሌላው በመሣሪያ የሚለካውን እሱ በዓይኑ ይለየዋል። “እንዲህ ያለ ዓይን ከየት አመጣህ?” ሲሉት፣ “ተፈጥሮ ነው” ይል ነበር አፉን ሞልቶ። ተፈጥሮ! ኩርኩሙ ሁሉ የት ገብቶ ነው ታዲያ?

ከአገር ቤት የሚመጣ ሰው የአባቱን ወሬ ይነግረዋል። ሰውየው ልጁ በሄደ ሰሞን አንድ እንግዳ ነገር ጀምሯል አሉ። ቀለም ያለው ጨርቅ አልቀበልም ብሏል። ጥቁር ኮት፣ ነጭ ሸሚዝ፣ የሐኪም ጋወን፤ በቃ። ቡናማ ይዘው የመጡ የድሮ ደንበኞቹን ከደጅ ይመልሳል። ደንበኞቹ ለምነውት፣ ተቆጥተውት፣ በመጨረሻ “ጥቁርና ነጭ” ብለው ስም አወጡለትና ወደ ሌላ ሰፊ ሄዱ። ገበያው ቀዘቀዘ። ልጁ ይህን ሲሰማ፣ “ግትር ነው፤ በግትርነቱ ሥራውን ገደለ” አለ። ትንሽም ደስ ሳይለው አልቀረም። አሁን ያንን ደስታ ሲያስታውስ ሰውነቱ ይሸማቀቃል።

ከዚያ ሠርጉ ደረሰ። ለአባቱ በሰው ላከበት እንጂ ሄዶ አልነገረውም። መልስ አልመጣም። የሠርጉ ዋዜማ ላይ ግን አንድ የአውቶቡስ ሹፌር በወረቀት የተጠቀለለ ዕቃ ይዞ በሩን አንኳኳ። “አባትህ ነው የላከው። ነገ ራሱም ይመጣል። እንዳይታጠፍ፣ እንዳይጨማደድ ብሎ መንገዱን ሁሉ ነፍሴን አወጣኝ” አለው።

ወረቀቱን ሲፈታ ቡናማ ሙሉ ልብስ ወጣ። ጥቁርና ነጭ ብቻ እሰፋለሁ ያለ ሰው ቡናማ ሰፍቶለታል! ጨርቁ ከጥሩ ሱፍ ነው። ቀለም ቀማሚው ለአንድ አፍታ ልቡ ድንግጥ አለ፤ የደስታ ድንጋጤ ነበር። ወደ ብርሃን አቀረበው። ያኔ ክሩን አየ።

የኮቱ ክሳድ ዳር ዳሩን በእጅ የተሰፋው በአረንጓዴ ክር ነው። ቡናማ ላይ አረንጓዴ! ይሄ ብቻ አይደለም፤ ግማሽ ድረስ በአረንጓዴ ይመጣና ከደረቱ በታች በቀይ ይቀጥላል። የግራ ኪሱ አረንጓዴ፣ የቀኙ ቀይ። የቁልፍ ቀዳዳዎቹ አንዱ እንዲህ አንዱ እንዲያ። ስፌቱ ግን አንዲት ዝንፍ ያለች ነጥብ የለበትም፤ አንድ ሰው ጊዜ ወስዶ፣ ተጨንቆ፣ ሆን ብሎ የሠራው ነው። ሚዜው በሳቅ ወለሉ ላይ ተቀመጠ። “ይሄን ለብሰህ መንገድ ላይ ብትቆም መኪና ሁሉ ግራ ይገባዋል! ቀይም አለህ፣ አረንጓዴም አለህ!” አለ።

ሙሽራው አልሳቀም። “የሰው መሳቂያ ትሆናለህ” ያለው ድምፅ ጆሮው ላይ አቃጨለ። ቃሉን ፈጸመ ማለት ነው፣ ብሎ አሰበ። በሠርጌ ቀን፣ በሰው ፊት። የሰርከስ ቀልደኛ ልብስ ሰፍቶ ላከልኝ። ሙሽራው በቀለም የሚኖር ሰው ነው፤ ቀይና አረንጓዴ በስህተት ይቀየጣል ብለህ ብትነግረው ስቆ ነው የሚያባርርህ። እንዲህ ያለ ነገር በስህተት አይሠራም! ልብሱን እንደነበረ ጠቅልሎ ሻንጣ ውስጥ ጣለው፤ ሮጦ ከሱቅ ሰማያዊ ሙሉ ልብስ ገዛ፤ እጅጌው ረዝሞበት ነበር።

በማግስቱ አባቱ ጥቁር ኮቱን ለብሶ መጣ። ከአዳራሹ ኋላ ጥግ ላይ ተቀመጠ። ዓይኑ ሰማያዊው ልብስ ላይ ነበር። ሙሽራው እንግዳ ሊያመሰግን በአጠገቡ ሲያልፍ፣ አባቱ ከወንበሩ ግማሽ ተነስቶ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ “ጠበበህ እንዴ?” አለው።

ሙሽራው ይህንን ጥያቄ እንደ ፌዝ ቆጠረው። ዓይኑን በጨው አጥቦ ጠበበህ ይለኛል! መልስ ሳይሰጥ አለፈው፤ አንዱ እንግዳ እጁን ይዞ ሲስበው እሱም በደስታ ተሳበ። ሲመለስ የጥጉ ወንበር ባዶ ነበር።

ከዚያ በኋላ ያለው ዘመን የሚወራ የለውም። በስልክ “ደህና ነዎት?” “ደህና ነኝ” ይባባላሉ፤ ይዘጋሉ። እህቱ አድጋ፣ አግብታ አባታቸው ሰፈር ተመልሳ ኖራ፣ በእርጅናው የጦረችው እሷ ናት። “ምናለ መጥተህ ብታየው?” ስትለው፣ “ሥራ በዛብኝ” ይላታል። ሥራ እኮ አይበዛም፤ ሆድ ሲሻክር ነው የሚበዛው። እንዲህ ሲል ሲል አባቱ ሞተ።

ለቀብር ሄደ። አላለቀሰም። በሦስተኛው ቀን ጎረቤቱ ፀጉር አስተካካይ አጠገቡ መጥቶ ተቀመጠ። አርጅቷል፤ መቀስ የያዙ ጣቶቹ አሁንም ዝም ብለው አይቀመጡም።

“ያን የሠርግህን ልብስ ሲሰፋ” አለው፣ “ሱቁን ዘግቶ ነበር። እኔን እንኳ አላስገባም አለ። ልኩን ከየት አመጣኸው ስለው፣ ‘የልጄን ትከሻ የምረሳ ነው የመሰለህ?’ አለኝ። እስቲ ልየው ብዬ ብለምነው፣ ‘መጀመሪያ የሚያየው ልጄ ነው’ ብሎ ከለከለኝ።”

ቀለም ቀማሚው በትሕትና ራሱን ነቀነቀ። በሆዱ ግን፣ “ታዲያ ምን ሊያሳይህ ነው!” አለ።

ከዚያ ሱቁን ከእህቱ ጋር አጸዱ። ግድግዳው ላይ ሚስማሮቹ እንዳሉ ናቸው፤ የተሰቀለባቸው ጥቁርና ነጭ ክር ብቻ ነው። ባለቀለም ክሮቹን ከጠረጴዛው ሥር አንድ ካርቶን ውስጥ አገኟቸው፤ ቀዩ፣ አረንጓዴው፣ ቡናማው፣ ሁሉም በአንድ ላይ ተዘባርቆ፣ አቧራ ጠጥቶ። ለሁለት ጥቅል ክር ቀበቶ ያነሳ ሰው! “መጨረሻ ላይ እሱም ሰልችቶት ነበር ማለት ነው” አለ ለእህቱ። ካርቶኑን ጣሉት።

ታሪኩ እዚህ ላይ ባበቃ፣ ቀለም ቀማሚው ቂሙን ይዞ በሰላም ያረጅ ነበር።

በዓመቱ የእህቱ ልጅ በኤሌክትሪክ ሥራ ሊሠለጥን ወደ ትልቁ ከተማ መጣና እሱ ቤት አረፈ። ጎረምሳ ነው፤ ሳቂታ፣ ሲበላ የሚያስደስት። ፈተናውን አለፈ፤ የቀረው የዓይን ምርመራ ብቻ ነው። እህቱም ልጇን ልታይ መጥታ ስለነበር ሦስቱ አብረው ሐኪም ቤት ሄዱ።

ሐኪሟ አንድ መጽሐፍ ገልጣ በነጠብጣብ የተሞላ ክብ አሳየችው። “ምን ቁጥር ይታይሃል?”

ልጁ አየ። አየና፣ “ምንም” አለ።

ቀለም ቀማሚው ከኋላው ቆሟል። ቁጥሩ ከገጹ ላይ ዘሎ ሊወጣ የደረሰ ነው የሚመስለው፤ በአረንጓዴ መሃል ቀይ ሆኖ የተጻፈ። ልጁ የሚቀልድ መሰለው። “ቀልዱን ተወውና በሥርዓት ንገራቸው!” አለው። “ዓይንህን ገልጠህ እይ እንጂ!”

ቃሉ ከአፉ ሲወጣ የማን እንደሆነ አወቀው፤ ደነገጠ።

ሐኪሟ፣ “አይቀልድም” አለች። ሌላ ገጽ ገለጠች፤ ሌላም። “ቀይና አረንጓዴ አይለይም። ቡናማም አብሮ ይምታታበታል። ሲወለድ ጀምሮ ነው።”

“እስከዛሬ እንዴት ሳናውቅ?” አለች እህቱ።

“እሱስ መቼ አወቀ? ሰው ሁሉ እንደሱ የሚያይ ነው የሚመስለው። ያወቁትም ቢሆኑ ይደብቁታል፤ የሚደብቁበት ዘዴ አያጡም። ዕቃ በቦታ በቦታው ያስቀምጣሉ፣ ሰው ይጠይቃሉ።” ወረቀቷ ላይ መጻፍ ጀመረች። “ብዙውን ጊዜ በእናት በኩል ካለው አያት ነው የሚመጣው። አባትዎ እንዲህ ነበሩ?”

እህቱ ሳቀች። “አባታችን? ኧረ እሳቸውስ ልብስ ሰፊ ነበሩ!”

“ምን ዓይነት ልብስ ይሰፉ ነበር?” አለች ሐኪሟ፣ ከወረቀቷ ቀና ሳትል፣ እንዲያው ለወግ ያህል።

“ጥቁርና...” አለች እህቱ። ሳቋ አፏ ላይ ደረቀ። ዞራ ወንድሟን አየችው።

ቀለም ቀማሚው ግድግዳውን ተደግፎ ነበር። ወንበር አቀረቡለት። ሐኪሟ ውኃ ይፈልጉ እንደሆነ ጠየቀችው፤ አልሰማትም።

በአውቶቡስ ወደ ቤት ተመለሱ። ከአውቶቡሱ መስኮት ውጭ ከተማው ያልፋል፤ እሱ ግን ያለው እዚያች ጠባብ ሱቅ ውስጥ ነው። እናቱ፣ “እንዴት ያለ አረንጓዴ ነው!” ስትል ይሰማታል። ለፍላፊ አልነበረችም። ለባሏ እየነገረችው ነበር፤ ደንበኛ ሳይነቃ፣ ባሏ ሳያፍር። ክሮቹ በረድፍ የተሰቀሉት ቦታቸውን ቆጥሮ እንዲያውቃቸው ነበር፤ ሁለቱን ማለዋወጥ ለሱ እንጀራውን መቀማት ነበር። እሷ ስትሞት ደግሞ የቀረው ሰው አንድ ትንሽ ልጅ ብቻ ነው። ለልጅ እንዴት ይነገራል? ልጅ ለጓደኛው ያወራል፤ ወሬው ከሰፈር ሰፈር ይሄዳል። ቀለም የማይለይ ልብስ ሰፊ ጋ ማን ጨርቅ ይሰጣል? ስለዚህ ግንባሩን ቋጥሮ፣ ፈታኝ መስሎ፣ “የቱ ነው?” አለ። ፈተና አልነበረም። አባቱ ጠይቆት የማያውቀው ነገር ቢኖር ፈተና ነው። ሁልጊዜ የጠየቀው መልሱን ስለማያውቅ ነው፤ ልጁ የሰጠውን መልስ ደግሞ አንድም ቀን ሳይጠራጠር ተቀብሎ ሰፍቶበታል። እኔን አያምነኝም ይል የነበረ ልጅ! ከሱ በላይ ማንን አመነ?

እና “ዓይን የለህም እንዴ?” አለው። በሴትየዋ ፊት።

አባቱ ያን ቀን ሴትየዋ ላይ ያፈጠጠው ገብቷቸው እንደሆነ ለማወቅ ነበር። ከዚያ በኋላ ነፍሱ እስክትወጣ ድረስ ማንንም አልጠየቀም። ዓይኑ በአውቶቡስ ተሳፍሮ ሄዷል፤ እሱም ጥቁርና ነጭ ሆኖ ቀረ። ልጁ ማተሚያ ቤት ተቀምጦ፣ “ግትር ነው” ይላል።

ቀለም ቀማሚው አለቀሰ። ለቀብሩ ያላለቀሰውን አውቶቡስ ውስጥ አለቀሰው፤ እህቱ እጁን ይዛ፣ የእህቱ ልጅ ደግሞ በሱ ምክንያት የተለቀሰ መስሎት፣ “ጋሼ፣ ግድ የለም፣ ሌላ ሥራ እማራለሁ” እያለ ሲያጽናናው።

ቤት ሲገቡ ወንበር ላይ ወጥቶ ሻንጣውን አወረደ። አቧራውን በእጅጌው ጠረገ። ልብሱን አወጣና መስኮቱ ጋ ያለው ጠረጴዛ ላይ ዘረጋው። አረንጓዴው አረንጓዴ ነው። ቀዩም ቀይ ነው። ስንት ዓመት ያየው ያው ልብስ ነው፤ ቢያፈጥበትም ሌላ ነገር አይታየውም። ለአንድ ደቂቃ ያህል ያንን ዓይኑን፣ ማተሚያ ቤት የሚወደስለትን ዓይኑን፣ ጠላው። አባቱ የተዘባረቀውን ካርቶን ከፍቶ፣ ብቻውን፣ ማንንም ሳይጠይቅ፣ ክሩን ከጨርቁ ጋር እያስተያየ ሲመርጥ አሰበው። አንዱ ጥቅል መሃል ላይ ሲያልቅበት ሌላውን ሲያነሳ። ተመሳሳይ ነው ብሎ ሲያምን።

“እስቲ ና” አለው የእህቱን ልጅ። “ይሄን እየው።”

ልጁ መጣ። ስለ ልብሱ የሚያውቀው ነገር የለም።

“ዳር ዳሩን የሄደውን ክር ታየዋለህ?” አለው። “ግራውና ቀኙ ይለያያል?”

ልጁ ጎንበስ ብሎ አየ። ኮቱን ወደ ብርሃኑ አዞረው፤ ክሳዱን በጣቱ ዳሰሰው፤ ኪሱ ላይ ደረሰ፤ እንደገና ወደ ክሳዱ ተመለሰ።

“የቱ ክር?” አለ። “ኧኸ፣ ይሄ? ጋሼ፣ ይሄማ ከጨርቁ ጋር አንድ ነው እኮ። በእጄ ባልነካው ኖሮ ስፌት መኖሩንም አላውቅም ነበር። ግራም ቀኝም ያው ነው።” ኮቱን ከፍ አድርጎ ያዘውና ፊቱ በራ። “ምን ያምራል! እንዲህ ያለ ልብስ አይቼ አላውቅም። የማን ነው?”

“የኔ ነው። ለሠርጌ አያትህ የሰፋልኝ ነው።”

“ታዲያ በፎቶው ላይ ሰማያዊ አይደል እንዴ የለበስከው? ይሄን ለምን ተውከው?” አለ ልጁ፣ ትከሻውን በስንዝር እየለካ። “ጠቦህ ነው?”

ቀለም ቀማሚው አፉን ከፈተ። እህቱ በሩ ላይ ቆማ ታየዋለች።

“አላውቅም” አለ። “ለክቼው አላውቅም።”